ለትንሽ አውቶሞቢል የሚስማማው የሞተር ዘይትና የመጠኑ ልክ

በቂርቆስና በካዛንቺስ የመኪና ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች መደርደሪያ አራት ሊትር የሚይዘው የዘይት ጄሪካን ዘወትር አይታጣበትም። በነዚሁ ሰፈሮች ከሚመላለሱት ትንንሽ አውቶሞቢሎች መካከል ግን አራት ሊትር ሙሉ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው። በተለምዶ ቮልስ የምትባለው የጀርመን መኪና 2.5 ሊትር ይበቃታል። ለረጅም ዘመን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ ከነፊልትሮዋ 3.75 ሊትር ትይዛለች። በብዙ ቪትዞችና ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 1500 ሲሲ የቶዮታ ሞተር፣ 1ኤንዜድ የተባለው፣ ፊልትሮው አብሮ ሲለወጥ 3.7 ሊትር፣ ፊልትሮው ሳይነካ ሲቀር 3.4 ሊትር ይወስዳል። 1000 ሲሲ የሆነችው ቪትዝ ደግሞ ከ3 ሊትር እምብዛም አታልፍም። እንግዲህ ገዢው ጄሪካኑን ከነሙሉው ወደ ሞተሩ ቢገለብጠው፣ በመጨረሻይቱ መኪና ላይ አንድ ሊትር ያህል ትርፍ አደረገባት ማለት ነው፤ በቮልስዋ ላይ ከሆነም አንድ ሊትር ተኩል።

ትርፉ ዘይት ምን ጉዳት አለው የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ጥያቄው የሚገባ ስለ ሆነ መልስ ያሻዋል። ከሞተሩ በታች ባለው የዘይት ቋት ውስጥ የዘይቱ ከፍታ ከልኩ ሲያልፍ፣ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር የሚዞረው ክራንክ ዘንግ ዘይቱን እየመታ እንደ ተናጠ ወተት አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ማለት በአየር የተሞላ ዘይት ነው። ፓምፑ አረፋውን ስቦ ወደ ኩሽኔታዎቹ ሲልከው የሚደርሳቸው ዘይት ግማሽ፣ አየር ግማሽ ይሆናል፤ የዘይቱም ግፊት ይወርዳል። ከዚህ በቀር ዘይቱ መውጫ ሲያጣ በጉርኒሲዮኖቹ በኩል ይፈሳል፤ ወይም በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተስቦ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠልና ሰማያዊ ጢስ ያስወጣል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያም ያበላሻል። ስለዚህ ትርፍ ዘይት የሚያስከትለው ጉዳት ዘይት በማጣት ከሚመጣው ጉዳት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ባለመኪናው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው በይፋ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በመንገድ ላይ ያለችው ትንሽ የቤንዚን መኪና በሌላ የቤንዚን መኪና በቀላሉ የማትተካ፣ መለዋወጫዋም የማይረክስ ሆነ። ሞተሯ ሌላ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ለዘይት ነጋዴ ይህ የሥራ መቀዝቀዝ ምልክት የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ በኤሌክትሪክ የምትሄደው መኪና የሞተር ዘይት አትሻም፣ እስከዚያው ግን አሮጌዎቹን ጠብቆ የሚያኖራቸው ዘይቱ ነው።

ወደ ዘይቱ ዓይነት ስንመለስ፣ በጄሪካኑ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የውፍረት ምልክት ነው። ምልክቱን የሚወስነው በአሜሪካ የተቋቋመው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን በስሙ የፊት ፊደላት ኤስ ኤ ኢ ይባላል። 5ደብልዩ-30 የሚል ጽሑፍ ሁለት ነገር ይናገራል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀርለት ያመለክታል። ደብልዩ የተባለው ፊደል ብርዳማውን ወቅት ከሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ቃሉን ክረምት ብለው የሚተረጉሙ ሻጮች ዘይቱ ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ የተለየ ይመስላቸዋል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ግን የሚከፋው ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው።

ቢሆንም የአዲስ አበባ ብርድ ለዘይት ከባድ ፈተና አይደለም። 5ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ፣ 15ደብልዩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ 20ደብልዩ እንኳ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። በከተማይቱ ይህን የመሰለ ብርድ ስለ ሌለ፣ ከነዚህ ዘይቶች ማናቸውም ጧት ሞተር ከመነሣት አይከለክልም። ልዩነቱ ዘይቱ ከፓምፑ ተነሥቶ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜ ላይ ነው። የሞተር መበላት የሚበዛውም በዚያች አፍታ ስለ ሆነ፣ ቀጭኑ ዘይት ቀድሞ ይደርሳል የሚባለው ከንቱ ወሬ አይደለም።

ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚያከራክረው ሁለተኛው ነው። በልማድ "ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠነክራል" እየተባለ ለማንኛውም መኪና 20ደብልዩ-50 የሚሰጥበት ሱቅ አለ። በ100 ዲግሪ ሙቀት የ30 ዘይት ውፍረት ከ9.3 እስከ 12.5 ሚሊሜትር ካሬ በሴኮንድ ሲሆን የ50 ዘይት ከ16.3 እስከ 21.9 ነው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የዱሮ ሞተሮች በክራንክ ዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለ ነበረ ወፍራሙን ይሸከሙ ነበር። የዛሬዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ክፍተት ግን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። ከዚህም በላይ 1ኤንዜድን የመሰሉት ሞተሮች የቫልቮቹን የመከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክሉት በዘይት ግፊት፣ በጠባብ ቀዳዳና በቀጭን ወንፊት በኩል ነው። ወፍራም ወይም የቆሸሸ ዘይት በዚያ መንገድ ሲዘገይ መኪናይቱ ጉልበት ታጣለች፤ ባለቤቷም ካንዴላና የቤንዚን ፓምፕ እየለወጠ በከንቱ ይደክማል። ለዚህ ሞተር 5ደብልዩ-30 የታወቀ ምርጫ ነው። ዘይት መብላት ለጀመረ አሮጌ ሞተር መካኒኩ አንድ ደረጃ ወደ 40 ከፍ ቢያደርገው አይነቀፍም፤ አስቀድሞ ግን የሚያፈሰው ጉርኒሲዮን መፈተሽ አለበት። ከ30 ተነሥቶ ወደ 50 መዝለል በሽታውን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ አልፋ የምትገኝ በመሆኗ ስለ ከፍታው የሚጠይቁም አሉ። ከፍታው የዘይቱን ውፍረት አይለውጥም። የሚለውጠው የሞተሩን አነዳድ ነው። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተር ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀረ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያልተቃጠለውም ቤንዚን በፒስቶኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ቮልስና ላዳ ያላቸው ሰዎች በመለኪያው ዘንግ ላይ የቤንዚን ሽታ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በኮምፒዩተር ቤንዚን የሚረጩት አዲሶቹ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። አዲስም ይሁን አሮጌ ሁሉንም የሚጎዳው ግን የጉዞው ማጠር ነው። ከካዛንቺስ ተነሥቶ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሰልፍ መካከል እየቆመ የሚሄድ ሰው፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ ሞተሩን ለረጅም ሰዓት ያሠራል። ዘይቱ በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚቆምም ውስጡ የገባው እርጥበት ተኖ አይወጣም። ፋብሪካዎች ይህን የመሰለውን አነዳድ ከባድ አገልግሎት ብለው ይለዩታል፤ የመለወጫውንም ርቀት በግማሽ ያህል የሚያሳጥሩ አሉ።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ኢጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው የኢንቺስ ቤቶች ነው። ከነባሮቹ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ፈርሰው ነዋሪውም ነጋዴውም ወደየአቅጣጫው ተዛውሯል። ለዓመታት አንድ ጋራዥ የለመደ ሰው ዛሬ የመኪናውን ጠባይ ለማያውቅ ሻጭ "ዘይት ስጠኝ" ሲል፣ ሻጩ የሞተሩን ስምና የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ ይኖርበታል። ዘይት ሲለወጥ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ዓይነት በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከኮፈኑ ሥር መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም፤ ደንበኛውንም ይመልሳል።

ሌላው የሚነበበው ምልክት የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት የአገልግሎት ፊደል ነው። ኤስ የሚቀድመው ለቤንዚን፣ ሲ የሚቀድመው ለናፍጣ ሞተር ነው። በኤስ ረገድ ሁለተኛው ፊደል በገፋ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ የያዘ ነው፦ ኤስ ኤል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤስ ኤን በ2010፣ ኤስ ፒ በ2020 የወጡ ናቸው፤ አዲሱም አሮጌውን ይተካል። ኤስ ኤፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ዘይት እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች የማይስማማ መሆኑን ኢንስቲትዩቱ ራሱ አስታውቋል። ይህን ዘይት ለ2005 ቪትዝ የሚሸጥ ሰው ጥቂት ሳንቲም አትርፎ ደንበኛ ያጣል። ሲ ብቻ የተጻፈበት የከባድ መኪና ዘይትም ኤስ የሚለው ካልተጨመረበት ለትንሽ ቤንዚን መኪና አይሰጥም። በአንጻሩ የቮልስ ባለቤት ቀጭኑንና አዲሱን ዘይት ቢጠይቅ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፤ በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ውስጥ ያለው ፎስፎረስ የጭስ ማጣሪያውን ለመጠበቅ ሲባል ስለ ተቀነሰ፣ እንደ ቮልስ ላለው የአሮጌ ስሪት ሞተር ወፈር ያለው ይሻላል።

አስመጪው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት በትእዛዙ ላይ ይታያል። የአራት ሊትሩን ጄሪካን ብቻ ከማዘዝ አንድ ሊትር የሚይዘውን ጠርሙስ አብሮ ማስመጣት ይበጃል። ለ1000 ሲሲ ቪትዝ ሦስት ጠርሙስ ተሸጦ የጎደለው ጥቂት ከአራተኛው ይሞላል፤ በ1ኤንዜድ ላይ ከአራት ሊትሩ የምትተርፈው 0.3 ሊትር ለኋላ መጨመሪያ ትቀመጣለች። 208 ሊትር ከሚይዘው በርሜል እየቀዱ መሸጥ ለዋጋ ይረክሳል፤ ነገር ግን የበርሜሉ አፍ ክፍት ከዋለ አቧራና ውኃ ይገባበታል፣ ገዢውም የዘይቱን ደረጃ የሚያይበት ጽሑፍ የለውም።

ልኩን ለማረጋገጥ መኪናይቱ ሜዳ ላይ ትቁም፤ በካዛንቺስ ተዳፋት ላይ የቆመች መኪና መለኪያ ይዋሻል። የሞቀው ሞተር ከጠፋ በኋላ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ተቆይቶ ዘንጉ ይመዘዛል፤ በጨርቅ ተጠርጎ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ሲወጣ የሚታየው ትክክለኛው ነው። ዘይት የሚሞላ ሰው መጽሐፉ ከሚለው ግማሽ ሊትር ያህል አጉድሎ ይጀምር፤ ሞተሩን አንድ ደቂቃ አስነሥቶ ፊልትሮው ከጠጣ በኋላ እየለካ እስከ ላይኛው ምልክት ጥቂት በጥቂት ይጨምር። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው በትንንሽ መኪናዎች አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ትርፍ የተጨመረ እንደ ሆነ ከታች ያለውን ብሎን አላልቶ ማፍሰስ ይገባል፤ የተፈሰሰውም በተከደነ ዕቃ ይያዝ እንጂ ወደ ባንተይቀጡ ወንዝ በሚወርደው ቦይ አይደፋ።