አጥር የሌለው የዋና ገንዳ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ላስ ቬጋስ የተከራየነው ቤት ጓሮ የዋና ገንዳ አለው፤ አጥር ግን የለውም። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ክንዷ ላይ የሚነፋ መንሳፈፊያ ባደርግላት ይበቃል?
እናት ነኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይበቃም። መንሳፈፊያው ይተነፍሳል፣ ይወልቃል፤ ደግሞም ብዙ ሕፃናት የሚሰምጡት ማንም ይዋኛሉ ብሎ ባልጠበቀበት ሰዓት ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል መስጠም ቀዳሚ ነው። የሚሰምጥ ልጅ አፉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም፤ ሳሎን ሆነው ይሰማኛል ብለው አይተማመኑ።

አከራይዎን ገንዳውን በአራቱም ጎን ከቤቱ የሚለይ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሩ ራሱን የሚዘጋና የሚቆልፍ አጥር እንዲሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ። እስከዚያው በጓሮው በር ላይ ልጅቷ የማትደርስበት መቀርቀሪያ ያስገቡ። መጫወቻ ውሃው ላይ አይተዉ። በተለይ እንግዳ ሲበዛና ቡና ሲፈላ ሁሉም ሌላው የሚያያት ይመስለዋል፤ ስልኩን አስቀምጦ ገንዳውን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመድቡ። ልጅቷ ከዓይንዎ ከጠፋች መጀመሪያ ገንዳውን ይዩ።

እርስዎም ባለቤትዎም የትንፋሽና የደረት መጫን እርዳታ ሥልጠና ብትወስዱ እመክራለሁ። ከውሃ ወጥታ ካልተነፈሰች እርዳታውን ወዲያው ይጀምሩ፣ 911 ይደወል። ብትነቃም ሳል ካልለቀቃት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከተጫናት ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።