ጠንካራዋ መኪና የትኛዋ ናት?

ብዙዎቻችን ወፍራም ብረት የለበሰች የጥንት መኪና ከዛሬዎቹ ይልቅ ተሳፋሪዋን ታድናለች ብለን እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም ይህን በሙከራ ፈተነው። የ1959ዋ ሸቭሮሌ ቤል ኤርና የ2009ዋ ሸቭሮሌ ማሊቡ እያንዳንዳቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ በሾፌር ወገናቸው ፊት ለፊት ተጋጩ። የቤል ኤር የሾፌር ክፍል ፈራረሰ፤ የማሊቡ ግን አፍንጫዋ ሲጨማደድ የውስጥ ክፍሏ ቅርጹን ጠበቀ።

ምክንያቱ በፊዚክስ የተማርነው ነው። ተሳፋሪው ሲቆም የሚያጣው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከአማካይ ኃይልና ከመቆሚያ ርቀት ብዜት ጋር እኩል ነው። ርቀቱ በእጥፍ ቢረዝም ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ዘመናዊው ንድፍ የመኪናዋን ጫፍ እንዲጨማደድ፣ መካከሏን እንዲጸና አድርጎ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የተጨማደደ ኮፈን ስናይ ብረቱ ደካማ ነው አንበል፤ ሥራውን ፈጽሟልና።