የተጻፈ ደንብና የዳኛ ፍርድ
(ሁለት አሳቦችን እያመዛዘኑ የክርክር ድርሰት መጻፍ)

አንድን አሳብ ብቻ ደግፎ መጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው ሁለት ተቃራኒ አሳቦች በየበኩላቸው እውነትነት ሲኖራቸው ማመዛዘኑ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነንን ጉዳይ ከጨዋታ ወስደናል። ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ክርክሩን ያስነሡት የጦር መኮንኖች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛውም በካርታ ላይ የጦሩን ምልክቶች ያንቀሳቅሳል። የጉዳቱን መጠን ግን የሚወስነው ዳይስ የሚባለውን ባለስድስት ገጽ የዕጣ ኩብ ጥሎ ከሠንጠረዥ በማንበብ ነበር። ይህ አድልዎን ይከላከላል፤ ይሁን እንጂ ሠንጠረዥ ሲገላበጥ ጨዋታው ይጓተታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን፣ ሠንጠረዡና ዕጣው ቀርቶ ጦርነትን የሚያውቅ ዳኛ በራሱ ግምት ይፍረድ ሲል አሳቡን በጽሑፍ አቀረበ።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ታሪኩን ይተርካል፤ ይዳኛልም። እንግዲህ አንድ ተጫዋች «ፋኖሴን ዘይት በፈሰሰበት ወለል ላይ እወረውራለሁ» ቢል፣ በደንቡም መጽሐፍ ስለዚህ የተጻፈ ባይኖር፣ መሪው ምን ያድርግ? «አልተጻፈምና አይቻልም» ካለ የተጫዋቹን ብልኀት ይገድላል። እንዳሻው ከፈረደ ደግሞ ትናንት ለአንዱ የፈቀደውን ዛሬ ለሌላው ሊከለክል ይችላል። የተከለከለውን ተጫዋች ከሽንፈቱ ይልቅ የሚከነክነው አስቀድሞ ሊያውቀው በማይችለው ሕግ መዳኘቱ ነው።

በእኛ አስተያየት፣ ደንብ በሌለበት መሪው ይፍረድ፤ ፍርዱን ግን ለሁሉም ይንገር፤ ሌላ ጊዜም በዚያው ይጽና። የተጻፈውን ደንብ በጨዋታ መካከል መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተጫዋቾቹ ወደ አደጋው የገቡት እርሱን ተማምነው ነውና።

አሁን ወደ ሰዋስው እንመለስ። ከላይ «ቢል»፣ «ባይኖር» ካልን በኋላ «ካለ»፣ «ከፈረደ» ማለታችንን አስተውሉ። «ብ» በትንቢት ግሥ ላይ ሲገባ በአሳብ የተገመተ ሁኔታን ያመለክታል። «ከ» በኀላፊ ግሥ ላይ ሲገባ ግን ውጤቱ ተከትሎ የሚመጣ ሁኔታን ያሳያል። ደንብ ስትጽፉ «ከ»ን ምረጡ፤ ደንብ ያልወጣለትን ጉዳይ ለክርክር ስታቀርቡ ግን «ብ» ይስማማል።

መልመጃ፦ ከምትጫወቱት ጨዋታ፣ ገበጣም ሆነ እግር ኳስ፣ ደንቡ ያልተናገረለትን አንድ ጉዳይ ፈልጉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጉዳዩን በ«ብ» አቅርቡ፤ በሁለተኛው የሁለቱን ወገን ምክንያት አመዛዝኑ፤ በሦስተኛው ፍርዳችሁን ስጡና በ«ከ» የሚጀምር አንድ ደንብ አውጡለት። ጽሑፋችሁን በፍርዱ ለማይስማማ ጓደኛችሁ አንብቡለት።