የ107 ዓመቱ ስም እንዴት ከገበያ ወጣ?

የኦልድስሞቢል መኪና ታሪክና የባለቤቶቹ ልምድ ለነጋዴ የሚያስተምረው

አፕሪል 29 ቀን 2004 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በላንሲንግ ከተማ የሚገኝ ፋብሪካ ሠራተኞች አሌሮ በተባለች መኪና ላይ ፊርማቸውን አኑረው ከማምረቻው መስመር አስወጧት። ይህች መኪና የመጨረሻዋ ኦልድስሞቢል ነበረች። በ1897 የተመሠረተውና በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በሥራ ላይ ከነበሩት የመኪና ስሞች ሁሉ አንጋፋ የነበረው ስም በዚሁ አበቃ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።)

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው፣ ኦልድስሞቢል ከመዘጋቱ 19 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማለትም በ1985፣ በአንድ ዓመት ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና የሸጠ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ገዥ የነበረው ስም በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ምን ነካው? መልሱን ለማግኘት ከኩባንያው የሂሳብ መዝገብ ይልቅ መኪናውን ገዝተው የነዱት ሰዎች የገጠማቸውን መመልከት ይበጃል።

ስሙ እንዴት ተገነባ?

የድርጅቱ መሥራች ራንሰም ኦልድስ ይባላል። ዲትሮይት የነበረው ፋብሪካው በማርች 1901 በእሳት ሲወድም ከርቭድ ዳሽ የተባለች ትንሽ የናሙና መኪና ከቃጠሎው ተረፈች። ኦልድስ ይህችኑ መኪና በ650 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ክፍሎቿን ከሌሎች አምራቾች እየገዛ በተርታ የሚገጣጠሙበትን አሠራር በመዘርጋቱ በ1901 ከ425 ያልበለጠው ምርት በ1904 ከ5 ሺህ በላይ ደረሰ። ይህ የሆነው ሄንሪ ፎርድ ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር በ1913 ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው። ኦልድስ ከባለአክሲዮኖቹ ጋር ባለመስማማቱ በ1904 ለቆ ወጣ። ድርጅቱን በ1908 ጄኔራል ሞተርስ ገዛው።

በ1920ዎቹ ጄኔራል ሞተርስን የመራው አልፍሬድ ስሎን የኩባንያውን መኪኖች እንደ መሰላል አደራጃቸው። ከታች ሸቭሮሌት፣ ከላይ ካዲላክ፣ በመካከል ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዩክ ተቀመጡ። ሐሳቡ ገዥው ገቢው ባደገ ቁጥር አንድ ደረጃ እየወጣ እዚያው ኩባንያ ውስጥ እንዲቆይ ነው።

የኦልድስሞቢል መለያ አዲስ ቴክኒክ ቀድሞ ማቅረብ ነበር። በ1940 ሞዴሎቹ ላይ በ57 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ የተሸጠው ሃይድራማቲክ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲሆን፣ ሾፌሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል ገላገለው። በ1949 ሮኬት የተባለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ቀረበ። በ1966 ደግሞ ቶሮናዶ ከ1937ቱ ኮርድ ወዲህ በፊት ጎማ የሚሄድ የመጀመሪያው የአሜሪካ መኪና ሆነ።

በዚህ ዘመንም ቢሆን ስህተት አልጠፋም። በ1962 የቀረበው ጄትፋየር ባለ ቱርቦ ሲሆን፣ ሞተሩ እንዳይጎዳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ልዩ ፈሳሽ በየጊዜው መሙላት ያስፈልገው ነበር። ባለቤቶቹ ግን ፈሳሹን መሙላት ይዘነጉ ነበር፤ ፈሳሹ ሲያልቅ የሞተሩ ጉልበት ይወርዳል። በመጨረሻ ኩባንያው ቱርቦውን አንስቶ ተራ ካርቡሬተር ለመግጠም ፈቃደኛ ሆነ። ስህተቱ በጊዜ ስለተያዘና የተሸጠውም መኪና ጥቂት ስለነበር ስሙ አልተጎዳም።

የሞተሩ ጉዳይ

በ1976 ከኦልድስሞቢል ሞዴሎች አንዱ የሆነው ከትላስ በአሜሪካ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ስኬት ነው። የሮኬት ሞተር ፈላጊው ከፋብሪካው አቅም በላይ ሆነ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1977 ሞዴሎች ከፊሉ ላይ የሸቭሮሌት ሞተር ገጠመ። ሁለቱም ሞተሮች መጠናቸው 5.7 ሊትር ስለነበር በወረቀት ላይ ልዩነት አይታይም። ለገዥው ግን የነገረው አልነበረም።

ጉዳዩ የታወቀው ቺካጎ ውስጥ አንድ ባለቤት መኪናውን ለጥገና ሲወስድ፣ ለኦልድስሞቢል ሞተር የተሠራው መለዋወጫ አልገጥም በማለቱ ነው። የኢሊኖይ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ኩባንያው ለገዥዎቹ 200 ዶላርና የ36 ወር ወይም የ36 ሺህ ማይል ዋስትና ለመስጠት ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በሚያወጣቸው ማስታወቂያዎች ግርጌ ሞተሮቹ በተለያዩ የኩባንያው ክፍሎች እንደሚመረቱ መግለጽ ጀመረ።

በቴክኒክ ረገድ የሸቭሮሌት ሞተር መጥፎ አልነበረም። ገዥውን ያስቆጣው ሌላ ነገር ነው። በመሰላሉ ላይ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ የከፈለው ልዩነት ለየትኛው ነገር እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ። አንድ ደንበኛ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ እንዳልጠየቀ ማድረግ አይቻልም።

የናፍጣው ሞተር

ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካውያን ቆጣቢ መኪና ሲፈልጉ ኦልድስሞቢል በ1978 በናፍጣ የሚሠራ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አቀረበ። ትልቅ መኪና በትንሽ ነዳጅ የሚነዳ በመሆኑ ብዙ ገዥ አገኘ።

ይሁን እንጂ ሞተሩ የተነደፈው የቤንዚኑን ሞተር መሠረት አድርጎ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየርን በከፍተኛ ግፊት በማመቅ ስለሆነ በቴስታታው ላይ የሚያርፈው ጫና ከቤንዚኑ እጅግ ይበልጣል። ብሎኩ ቢጠናከርም፣ የፋብሪካው መሣሪያ እንዳይቀየር ሲባል የቴስታታው ቡሎኖች ብዛትና አቀማመጥ እንደ ቤንዚኑ ሞተር እንዲቀር ተደረገ። ቡሎኖቹ ሲሳሳቡ ጓርኒሲዮኑ ይነዳል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ሞተሩም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የተሳሳበውን ቡሎን መልሶ የገጠመ መካኒክ ያው ብልሽት በድጋሚ ይመጣበታል።

በተጨማሪም ውሃን ከናፍጣ የሚለይ ማጣሪያ አልተገጠመለትም ነበር። በነዳጁ ውስጥ የሚገኘው ውሃ የነዳጅ ፖምፓውን ያዝገዋል። በቤንዚን መኪና የለመዱ ባለቤቶች ደግሞ ውሃውን ለማስወገድ አልኮል ታንክ ውስጥ ሲጨምሩ የፖምፓውን ጎሚኒዎች ያበላሹት ነበር። በ1983 ኩባንያው ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት የናፍጣ ፖምፓን ጨምሮ የአንዳንድ ክፍሎች ቅሬታ በሽምግልና እንዲታይ ተወሰነ። ሞተሩ ከጊዜ በኋላ ቢሻሻልም በ1985 ምርቱ ተቋረጠ።

የገበያ ትንታኔ

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማብራሪያ ይሰጣል። አከርሎፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ በምሳሌነት ወስዶ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዥ በማያውቅበት ገበያ ገዥው ለሁሉም መኪና ዝቅተኛ ዋጋ እንደሚሰጥ፣ በዚህም ደህናው መኪና በመጥፎው ጥፋት ዋጋ እንደሚያጣ አስረድቷል። በ2001 የኖቤልን ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኗል።

የናፍጣ ኦልድስሞቢል ባለቤቶች ይህን በራሳቸው ኪስ አዩት። ሞተሩ ያልተበላሸበትም ሰው መኪናውን ሊሸጥ ሲወጣ ገዥ ይሸሸው ነበር። አከርሎፍ እንደሚለው ከዚህ ችግር የሚያወጡት ዋስትናና የታወቀ ስም ናቸው። ገዥ ሞተር ከፍቶ ማየት ስለማይችል ስሙን አይቶ ይገዛል። ስሙ ራሱ ሲጠረጠር ግን ገዥው የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

መሰላሉ ሲፈርስ

ወጪ ለመቀነስ ሲባል የተለያዩት የኩባንያው መኪኖች አካል እየተመሳሰለ መጣ። በኦገስት 1983 ፎርቹን የተባለው የንግድ መጽሔት የሸቭሮሌት፣ የፖንቲያክ፣ የኦልድስሞቢልና የቢዩክ መኪኖችን በአንድ ቀለም ጎን ለጎን አሰልፎ በሽፋኑ ላይ አወጣ። መለየት አስቸጋሪ ነበር።

በ1988 ኦልድስሞቢል ይህ የአባትህ ኦልድስሞቢል አይደለም የሚል ይዘት ያለው ማስታወቂያ ይዞ ብቅ አለ። ወጣቱን ለመሳብ የታሰበው ይህ ዘመቻ ነባሩን ደንበኛ ቅር ሲያሰኝ፣ ወጣቱ ደግሞ መኪናው በእርግጥ የአባቱ እንደነበረ አስታወሰ። በ1995 ሞዴል የቀረበችው ኦሮራ የተመሰገነች መኪና ብትሆንም፣ በገላዋ ላይ የኦልድስሞቢል ስም በውጭ አልተለጠፈባትም። ባለቤቱ በራሱ ስም ማፈሩን ገበያው ተረዳ።

ዲሴምበር 12 ቀን 2000 ጄኔራል ሞተርስ ስሙን ደረጃ በደረጃ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ 2,800 ያህል አከፋፋዮች ስለነበሩ ኩባንያው ካሳ መክፈል ግድ ሆነበት። በዕለቱ ኦልድስሞቢል የነበራቸው ሰዎች ደግሞ መኪናቸው ሳይበላሽ ዋጋው ወረደባቸው። ለሞተርና ለካምቢዮ ከሌሎቹ የኩባንያው መኪኖች ጋር የሚጋሩት መለዋወጫ ስላለ አልተቸገሩም፤ ለኦልድስሞቢል ብቻ የተሠሩት የፊት መብራትና የውስጥ ዕቃዎች ግን ብርቅ እየሆኑ ሄዱ።

ለነጋዴው የሚቀረው

ከ35 ሚሊዮን በላይ መኪና ያመረተው ኦልድስሞቢል በአንድ ቀን አልወደቀም። በየጊዜው የተወሰዱት ውሳኔዎች ለብቻቸው ሲታዩ ምክንያት ነበራቸው፤ ሞተር ሲያጥር ከጎረቤት መዋስ፣ መሣሪያ ላለመቀየር ቡሎን አለመጨመር፣ ወጪ ለመቆጠብ አንድ ቅርጽ ለብዙ ስም ማዋል። የተቆጠበው ገንዘብ በዚያው ዓመት መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ ታየ። የተከፈለው የስም ዋጋ ግን መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ዓምድ ስላልነበረው ሂሳቡ የተዘጋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ሽያጩ በ1985 ከፍ ያለውም ለዚህ ነው። ሰው በለመደው ስም ለተወሰነ ጊዜ መግዛቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ነጋዴ የዘንድሮው ሽያጭ ስላደገ ብቻ ስሙ ደህና ነው ብሎ መደምደም የለበትም። ይልቁንም ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የገዛው ደንበኛ ዛሬ ዕቃውን በስንት መሸጥ እንደሚችልና ተመልሶ ሊገዛ እንደመጣ ይጠይቅ። የስሙ እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው እዚያ ነው።