በትልቅ ከተማ ዙሪያ ያሉ መካከለኛ ከተሞች ለገበሬው ስለሚሰጡት ጥቅም

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ወደ አምቦ የሚሄደው መንገድ፥ ትልቅ ከተማና መካከለኛ ከተማ እንዴት እንደሚረዳዱ ያስተምራል። ከአስኮ ቀጥሎ ቡራዩ፥ ከዋናው ከተማ 40 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ሆለታ፥ 55 ኪሎሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም ይገኛል።

ትልቅ ከተማ ብቻውን አይኖርም፤ የሚበላውንም የሚያነደውንም ከዙሪያው ያገኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመንጥሮ እንጨት በመጥፋቱ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ እየበቀለ ችግሩን ስላቃለለ አሳቡ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በኮልፌ አጠና ተራ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዛፍ ንግድ ነው።

እንግዲህ የመካከለኛ ከተማ ሥራው ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ የገበሬውን ምርት በቅርብ ይሰበስባል። ጤፍና ስንዴ በጎተራ ሊቆይ ይችላል፤ ወተት ግን አንድ ቀን እንኳ አይታገሥም። በቅርቡ ከተማ ማቀዝቀዣና ትክክለኛ ሚዛን ያለ እንደ ሆነ፥ ገበሬው ትርፉን ለደላላ ሳይከፍል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛ፥ ዘርን፥ የእርሻ መሣሪያን፥ የከብት ሕክምናንና ዕውቀትን ለገበሬው ያቀርባል። በ1950ዎቹ በሆለታ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማዕከል ስለ ደጋ አዝርዕትና ስለ ወተት ላሞች ያደረገው ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። ሦስተኛ፥ መሬት ያነሳቸው ወጣቶች ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ሳይጎርፉ በትውልድ ቀያቸው አጠገብ ሥራ እንዲያገኙ ያደርጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፥ የአንዱን ከተማ ሸክም ብዙዎቹ ቢካፈሉት ይቀላል።

መካከለኛው ከተማ የዋናው ከተማ ማደሪያ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን ቤት ይበዛል፥ እርሻ ይጠፋል። ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም እንጂ የመሸጥ መብት ስለሌለው፥ ከተማ በሰፋ ጊዜ የመሬቱ ዋጋ መናር የሚጠቅመው ሌላውን ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማያያዝ የተዘጋጀው ዕቅድ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፥ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ለተቃውሞው አንዱ ምክንያት ገበሬው ከመሬቴ እነቀላለሁ ብሎ መስጋቱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፥ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ የገበሬው ጥያቄ ግን በስም መለወጥ አይመለስም።

በሆላንድ አገር አምስተርዳም፥ ሮተርዳም፥ ዘሄግና ኡትሬክት በቀለበት አምሳል ተቀራርበው ሲኖሩ፥ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ምድር ለግጦሽና ለእርሻ ተጠብቋል። ከተማና እርሻ ጎን ለጎን ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የወረዳና የዞን ሹማምንት፥ ለቤት መሥሪያ ቦታ ከመምራታችሁ በፊት የትኛው መሬት ለም፥ የትኛው ጭንጫ እንደ ሆነ አስመርምሩ፤ ለሙን ለአራሹ ተዉ። ከገጠር ወደ ገበያ የሚያደርሰውን መንገድ አስቀድማችሁ አስጠግኑ። ከሁሉ በፊት ግን ባለ ይዞታውን ጠርታችሁ አማክሩት፤ ሳይጠየቅ የተነሣ ገበሬ ነገ አዲስ አበባ ገብቶ የቀን ሥራ ፈላጊ ይሆናልና።