ቅባት እንደ ፔፕታይድ አይያዝም

ቲ ሴሉ ምላሽ አልሰጠም ብላችሁ ሴሉን ከመጣላችሁ በፊት የሊፒዱን ብልቃጥ አንስታችሁ በብርሃን እዩት። እኔ ሁለት ሳምንት ያህል ስታገል ከርሜ ጥፋቱን ያገኘሁት ብልቃጡ ሥር እንደ ዱቄት በተኛ ነጭ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ሊፒዱ የተበጠበጠበት ዲኤምኤስኦ 18 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፤ ከፍሪዘር ወጥቶ ሲቀልጥ ሊፒዱም አብሮ የሟሟ ይመስላል። አልሟሟም።

የለመድነው ኤችኤልኤ የሚያቀርበውን ፔፕታይድ ስለሆነ ነው የምንሳሳተው። ሲዲ1 የተባሉት ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ኤችኤልኤን ይምሰል እንጂ ኪሳቸው ጠለቅ ያለና ውኃ የማይወድ ነው። የሊፒዱ ጭራ እዚያ ይሰምጣል፤ ቲ ሴሉ የሚያየው ብቅ ያለውን የሊፒዱን ራስ ነው። ሲዲ1ቢ የቲቢ ባክቴሪያን ማይኮሊክ አሲድ ለቲ ሴል እንደሚያቀርብ በ1994 ታትሟል። አክታ የሚመረምር ባለሙያ ይህን ቅባት ከማንም በላይ ያውቀዋል፦ አሲድ ቀዩን ቀለም እንዳያጥበው የሚከለክለው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰም በቀላሉ ይሟሟል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በክሎሮፎርም ያለ ሊፒድ ከመስታወት ሌላ ዕቃ አይንካው፤ ክሎሮፎርሙ ፕላስቲኩን እያሟሟ ይቀላቅልባችኋል። በናይትሮጅን ጋዝ አድርቁት፣ በዲኤምኤስኦ በጥብጡት፣ እንደ አምራቹ መመሪያ አሙቁት፣ ሶኒኬተር ውስጥ አስገቡት፤ ሳይቀዘቅዝም ወደ ሞቀ ሚዲየም ጨምሩት።

አይጥ ለማዘዝ የምትቸኩሉም አላችሁ። አይጥ ሲዲ1ዲ እንጂ ሲዲ1ኤ፣ ሲዲ1ቢና ሲዲ1ሲ የላትም። ለማይኮሊክ አሲድ የሰው ሴል ይሻላል። እሱም ቢሆን ከደም እንደወጣ ሞኖሳይት ሲዲ1ቢን እምብዛም አያወጣም፤ በጂኤም-ሲኤስኤፍና በአይኤል-4 ወደ ዴንድሪቲክ ሴል ቀይሩትና መውጣቱን በፀረ እንግዳ አካል ቀለም አረጋግጡ።

ሲዲ1 ከሰው ሰው ብዙም ስለማይለያይ የአንዱን ዴንድሪቲክ ሴል ከሌላው ቲ ሴል ጋር ማገናኘት ያጓጓል። ኤችኤልኤው ግን ይለያያል፤ ቲ ሴሉም ለእሱ ብቻ ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ሊፒድ የሌለበትን፣ ያንኑ መጠን ዲኤምኤስኦ ብቻ የያዘውን ጉድጓድ አስቀድማችሁ አንብቡ። እሱ ከሊፒዱ ጉድጓድ እኩል ከተቆጣ ሙከራው ፈርሷል፤ የቀረውን ፕሌት ማንበብ አያስፈልግም።