በበዓል ሰሙን ሰሙነኛ ስለ መሆን

ሰሙን የሚለው የግእዝ ቃል ከስምንት ቍጥር የወጣ ነው፤ በአማርኛ ሳምንት የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። ዕለታቱ ሰባት ሲሆኑ ስለ ምን በስምንት ተጠራ ቢሉ፥ ከሰንበት እስከ ሰንበት ሲቈጠር የመግቢያዪቱና የመውጫዪቱ ሰንበት ሁለቱም በቍጥሩ ስለሚገቡ ነው። ሱባዔ ግን ከሰባት ቍጥር የወጣ ነው። ሱባዔ የገባ ሰው ከሰው ተለይቶ ስለ ራሱና ስለ ጉዳዩ ይማልዳል፤ ሰሙነኛ የሆነ ሰው ግን ተራው ደርሶት ስለ ሌላው ይቆማል። በየአጥቢያው ሰሙነኛ የሚባሉት ካህንና ዲያቆን ሰሙናቸው እስኪፈጸም ድረስ ከቤተ ክርስቲያን የማይርቁት ስለዚህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ግን የመቅደሱን ሰሙነኛ ብቻ አይደለም። በዚህ ዘመን ምእመናን፥ ይልቁንም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፥ የበዓል ዕረፍታቸውን አንድ ሰሙን ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን በማኅበር በሚኖሩበት ቤት እያደሩ በማገልገል ሲያሳልፉ እናያለን። ከካህናት ወንድሞቻችን አንዳንዶቹ፥ ይህ ከውጭ አገር የተቀዳ ልማድ ነው፥ ወጣቱ በበዓል ከቤተ ክርስቲያን ሊጠፋ አይገባም ይላሉ። ከወጣቶቹም አንዳንዶቹ በፈቃዳቸው ስለ መጡ ብቻ ያደረጉት ሁሉ መልካም ይመስላቸዋል። ሁለቱም አሳብ መታረም ያለበት ይመስለናል።

ነገሩ ከውጭ የተቀዳ አለመሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ ያስረዳል። ንጉሥ ዳዊት የአሮንን ልጆች በሃያ አራት ክፍል እንደ መደባቸው በመጀመሪያው ዜና መዋዕል በ24ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እያንዳንዱም ክፍል ከሰንበት እስከ ሰንበት ስምንት ቀን እንዲያገለግል መደረጉን የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዮስ ዮሴፍ ገልጦ ጽፏል፤ ከላይ ስለ ሰሙን ትርጓሜ የተናገርነው ከዚህ ጋር ይስማማል። በዚያው መጽሐፍ በ9ኛው ምዕራፍ ስለ በረኞቹ የተነገረውን ያስተውሏል። ወንድሞቻቸው በየመንደራቸው ይኖሩ ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ ግን ለሰባት ቀን እየመጡ ከእነርሱ ጋር ይቆሙ ነበር። ጠባቂዎቹም በእግዚአብሔር ቤት ዙሪያ ያድሩ ነበር። እንግዲህ ቤት ንብረት ያለው ሰው ቤቱን ትቶ፥ ለተወሰነ ቀን በሚያገለግልበት ስፍራ ማደሩ የቈየ ሥርዓት ነው። ካህኑ ዮዳሄም በዮአስ የንግሥ ቀን በሰንበት የሚገቡትንም የሚወጡትንም ክፍሎች ሳያሰናብት በአንድነት አቁሟቸዋል (2 ዜና 23፥8)። የእርሱ ምክንያት ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ገቢውን ሳያይ እንዳይሄድ ከዚህ መማር ይቻላል።

ከሰሙነኞች ሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ካህኑ ዘካርያስ ነው። ከአብያ ክፍል ነበረ፤ ይህም ስምንተኛው ዕጣ ነው። በተራው ሲያጥን መልአክ ታየው፤ ስላላመነም አንደበቱ ተዘጋ። ዲዳ የሆነ ካህን ወደ ቤቱ ልሂድ ቢል ማን ይከለክለው ነበር? ሕዝቡን መባረክ አልቻለም፤ በእጁ ብቻ ይጠቅስ ነበር። ቅዱስ ሉቃስ ግን የአገልግሎቱ ቀን በተፈጸመ ጊዜ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ይነግረናል (ሉቃ. 1፥23)። ምሥራቹን ለኤልሳቤጥ ለማድረስ የሚቸኩልበት ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ሰሙኑን አላጐደለም። በሦስተኛው ቀን ደክሞኛል ብሎ ሻንጣውን የሚያነሣ ወጣት ይህን ይመልከት።

ከመነኮሳት አባቶች ደግሞ አባ ጳኵሚስን እናንሣ። እርሱ ገና አረማዊ ወጣት ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ312 ወይም በ313 ገደማ፥ በግድ ለጦር ተመልምሎ ከሌሎች ጋር በዓባይ በመርከብ ተወስዶ በቴብስ ተዘግቶበት ነበር። በማታ የከተማዪቱ ክርስቲያኖች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ። እነዚህ የማያውቁን ሰዎች እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅ፥ ክርስቲያኖች ናቸው፥ ለእንግዳም ለማንም በጎ ያደርጋሉ ተባለ። ከእስራቱ ሲፈታ ተጠመቀ፤ በኋላም የአንድነት ኑሮን መሠረተ። በገዳማቱም መነኮሳቱ በየቤቱ ተከፍለው፥ እያንዳንዱም ቤት አለቃ ኖሮት፥ የማኅበሩን ሥራ በየሰሙኑ እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ሥርዓት ቆመ። ያ ሁሉ ሥርዓት የተገኘው ስማቸው ካልተጻፈ ሰዎች የአንድ ማታ እራት ነው ብንል አናጋንንም።

የምሥራቅን ገዳማት ዞሮ የተመለከተው ዮሐንስ ካስያኖስም በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሰሙነኞች ጽፏል። በፍልስጥኤም፥ በመስጴጦምያና በቀጰዶቅያ ወንድሞች ምግብ ማብሰሉንና ማዕድ ማቅረቡን በሰሙን ይቀባበሉ ነበር። ሰሙኑ በእሑድ ማታ ሲፈጸም ተሰናባቾቹ የማኅበሩን ሁሉ እግር ያጥባሉ፤ በሰኞ ጧትም ዕቃውን ቈጥረው ለተተኪዎቹ ያስረክባሉ። ከጻፋቸውም አንዱ ይህ ነው፤ አንድ ሰሙነኛ ለማብሰል ሲቸኩል ሦስት ፍሬ ምስር ከእጁ መሬት ላይ ወደቀ። መጋቢው አይቶ ለአበ ምኔቱ ነገረ፤ ሰሙነኛውም የተቀደሰ ንብረት እንዳባከነ ተቈጥሮ ከጸሎት አንድነት ተለየ፤ በግልጥ ንስሓ እስኪገባም አልተመለሰም። ፍርዱ ለዘመናችን ጆሮ የጠነከረ ነው፤ እኛም ለሦስት ፍሬ ምስር ወጣት ይባረር አንልም። ነገር ግን ድሀ የሚበላው ምስር የማንም አለመሆኑን፥ የእግዚአብሔር መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘንም። ካስያኖስ ግብጻውያን ይህን በተራ እንዳላደረጉት፥ ለታመነ አንድ ወንድም እንደ ሰጡት መጨመሩም ለነገራችን ይጠቅማል፤ ተራ የሚይዝ ሰው ይቀያየራልና ቤቱን የሚያውቅ ቋሚ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

በውጭ አገርም ይህ ሥርዓት አልጠፋም። በፈረንሳይ አገር በቴዜ መንደር ወንድም ሮጀር የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 ገብቶ ስደተኞችን ደበቀ፤ በ1949 በፋሲካም ሰባት ወንድሞች ለዘላለም ቃል ገቡ። ስለ ሃይማኖታቸው ልዩነት ሌላ ጊዜ ይነገራል፤ እዚህ የምናነሣው፥ ወደዚያ የሚሄዱ ወጣቶች ከእሑድ እስከ እሑድ ሲቀመጡ የወጥ ቤቱን፥ የሳሕን ማጠቡንና የጽዳቱን ሥራ እየተካፈሉ መሥራታቸውን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለዚህ አገልግሎት ከሁሉ የሚስማማው ጊዜ፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ከትንሣኤ እሑድ እስከ ዳግም ትንሣኤ ያለው ስምንት ቀን ነው። የትንሣኤ ዕለት በአረጋውያን ቤት የሚጐድል የለም፤ ድፎ ዳቦው፥ ዶሮው፥ መኪናው፥ ዘማሪው ሁሉ ይመጣል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም አይቀርም። በማዕዶት ጧት ግቢው ባዶ ነው። በማክሰኞ ቶማስ የታጠበ አንሶላ ያልቃል፤ ሠራተኞቹም ለበዓሉ ሌሊቱን ሁሉ ሲሠሩ ያደሩ ስለ ሆኑ ደክመዋል። እውነተኛው ችግር ያለው በዚያ ነው፤ ሰሙነኛም የሚፈለገው ለዚያ ቀን ነው። ለቅዳሴው ለሚሰጉ ካህናት ወንድሞቻችን የምንመልሰው፥ አስቀድሶ ወደ አገልግሎት የሄደ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም፥ እሑድም ያስቀድሳል ብለን ነው።

በአንድ የአረጋውያን ቤት ከአጥቢያችን ወጣቶች ጋር ይህን ሰሙን አድረንበታል። ከወጣቶቹ ሁለቱ መዝሙርና ስብከት አዘጋጅተው ነበር፤ የቤቱ ኃላፊ ግን፥ «ልጆቼ፥ መዝሙሩ ይቈየን፤ አንሶላው ቀድሞ ይታጠብ» አለቻቸው። ለሦስት ቀን ሲያጥቡና ሲያሰጡ ቈዩ። በአዳም ሐሙስ ማታ ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ አረጋዊ፥ «እስቲ የምታንጐራጕሩትን ጮክ በሉት» አሏቸው። ዲያቆኑ ጀመረ፤ አረጋዊው አቋርጠው፥ «ይህ እንዲህ አይደለም፤ ተነሥና ካፉ ጀምር» ብለው ዜማውን አረሙት። ለካ አርባ ዓመት ያስተማሩ መሪጌታ ኖረዋል። በዚያ ሰሙን ከእኛ ወገን የተማረው ከሰጠው ይበልጣል።

ለሚሄዱት ግን ጥቂት ነገር ማሳሰብ ግዴታችን ነው። ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ ለደካማ አረጋዊ የሰባ ሥጋ ማጕረስ ጽድቅ አይደለም፤ ስኳር ያለበት ጣፋጭ አይሰጠው፤ አካሉ ሽባ ሆኖ መዋጥ የቸገረውም በችኰላ ቢጐርስ ትን ብሎት ሊሞት ይችላል። ምንም ነገር ሠራተኛውን ሳይጠይቁ አይመግቡ። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ገላው እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ፥ ሌሊትም ጭምር፥ መገላበጥ አለበት፤ ስለዚህ ከተጓዦቹ መካከል የሌሊት ተረኛ ይመደብ። ገላ ማጠብ ለሴቶች በሴቶች፥ ለወንዶች በወንዶች ይሁን፤ ድሀ የሆነ ሰው ኀፍረት የለውም የሚል ሰው ካለ ከዚያ ቤት አይግባ። የእጅ ስልክ በሻንጣ ይቀመጥ፤ የሰውን ድካም ሥዕል ማንሣት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፥ አእምሮው የታመመ ሰው ደግሞ ፈቃድ መስጠት አይችልም።

ከሁሉም የሚከፋው የሐሰት ተስፋ ነው። አንድ ወጣት በፋሲካ መጥቶ ለአንዲት እናት፥ «እማማ፥ በጰራቅሊጦስ ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እማማ በጰራቅሊጦስ ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ አጠገብ እስኪመሽ ተቀምጠው ዋሉ። ምግብም አልቀመሱም፤ «ልጄ ሳይመጣ አልበላም» ይሉ ነበር። ይህን የነገሩን ሠራተኞቹ ናቸው። ያ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግ ንግግር የተናገረ መስሎት ነው። ሰሙነኛ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ይናገር፤ ሲሄድም መሄዱን በግልጥ ተናግሮ፥ ይቅር በሉኝ ብሎ፥ ተሳልሞ ይውጣ።

ስንቅና የመኝታ ልብስ ከቤት ይያዝ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለማንም እንዳይከብድ በእጁ ሥራ እንደ ኖረ ለተሰሎንቄ ሰዎች ጽፏልና፥ እንግዳው ከአረጋውያኑ ድስት አይካፈል። ቍጥራቸውም ከዐሥራ ሁለት ባይበልጥ እንመርጣለን፤ ሰው ሲበዛ ለቤቱ ሌላ ሸክም ይሆናል። በዳግም ትንሣኤ ማታ፥ ተተኪዎቹ ከመጡ በኋላ፥ ማስታወሻው ይሰጣቸው፤ በእርሱም ማን በስንት ሰዓት እንደሚገላበጥ፥ ማን ያለ ጨው እንደሚበላ፥ ማን በቀኝ ጆሮው ብቻ እንደሚሰማ፥ ማንስ ሌሊት መብራት ሲጠፋ እንደሚፈራ ይጻፍበት።